ጭቃ ውስጥ ያለው አረም፦ የረግረግ ዘር መቼ ይተኛል፣ መቼ ይበቅላል?

ረግረጋማ ቦታ ላይ አረም ያጸዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተነቅሎ፣ ታጭዶ፣ ተጭኖ የሄደ አረም ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይበቅላል። አንዳንዴ እንዲያውም ከበፊቱ ብሶበት ይመጣል። ያኔ ብዙ ሰው "ሥሩ በደንብ ስላልተነቀለ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ከሥር የሚያቆጠቁጡ አረሞች አሉ። ግን ብዙ ጊዜ አዲሱ አረም የሚመጣው ጭቃው ውስጥ ከተቀመጠ ዘር ነው። ዘሩ እዚያ ለዓመታት ቆይቷል። አላየነውም እንጂ ነበረ። ይባስ ብሎ፣ እኛ ያደረግነው ጽዳት ራሱ ለመብቀል የሚጠብቀውን ምልክት ይሰጠዋል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዘሩ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ነው። ይህን ሳያውቁ ረግረግ ማጽዳት አረሙን ማደስ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ጭቃው ምን ያህል ዘር እንደሚይዝ እንይ። ቻርለስ ዳርዊን አንድ ቀላል ሙከራ አድርጎ ነበር። ከአንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር፣ ከውሃው ስር፣ ከሦስት ቦታ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጭቃ ወሰደ። ጭቃው ሲደርቅ ክብደቱ 190 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ሸፍኖ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ለ6 ወር አስቀመጠው። የበቀለውን ሁሉ እየነቀለ ቆጠረ። 537 ተክል ወጣ። ጭቃው በሙሉ በአንድ የሻይ ኩባያ የሚገባ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1859 አሳተመው። ልብ በሉ፣ የቆጠረው የበቀሉትን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለመብቀል ያልፈለጉት ዘሮች በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

"ያልፈለጉት" ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ዘር ያልበቀለው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ጤነኛ ሆኖ ውሃና ሙቀት ብቻ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን ሲያገኝ ወዲያው ይበቅላል። ሦስተኛው ዓይነት ግን ለየት ይላል። ውሃ ተሰጠው፣ ሙቀት ተሰጠው፣ አየር አገኘ፤ አሁንም አልበቀለም። በሕይወት አለ፣ ግን ውስጡ ያለ ነገር ይዞታል። የዘር እንቅልፍ የሚባለው ይህ ነው። ዘሩን በዓይን አይቶ የሞተውን ከተኛው መለየት አይቻልም። የዘር ላቦራቶሪዎች ዘሩን ሰንጥቀው ቴትራዞልየም በሚባል ኬሚካል ይነክሩታል። ሕያው የሆነው ክፍል ቀይ ቀለም ይይዛል፣ የሞተው ቀለሙን አይለውጥም።

ዘሩን የሚይዘው ነገር ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አንዳንዱ ሽፋኑ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። ሎተስ የሚባለው የውሃ አበባ እንዲህ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ከደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ከተገኙት የሎተስ ዘሮች አንዱ ዕድሜው 1,300 ዓመት ገደማ ሆኖ ሳለ በቅሏል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በሌሎች ተክሎች ደግሞ ዘሩ ከእናቱ ሲለይ ጽንሱ ገና አላደገም፤ ጊዜ ያስፈልገዋል።

አብዛኛው የረግረግ አረም ግን በሆርሞን የሚያዝ ነው። ሁለት ሆርሞኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራሉ። አብሲሲክ አሲድ "ቆይ" ይላል፣ ጂበሪሊን "ውጣ" ይላል። የአብሲሲክ አሲድ ኃይል ሲያይል ዘሩ ይተኛል። የጂበሪሊን ኃይል ሲበልጥ በጽንሱ ዙሪያ ያለው ክፍል ይላላል፣ ሥሩ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ነገሮች ብዙዎቹ፣ ብርሃንም ሆነ ብርድ፣ ሥራቸውን የሚሠሩት ይህን ሚዛን በመለወጥ ነው።

እንቅልፉ በምን ይላቀቃል? ለአንዳንዱ ዘር ደርቆ መቆየት ይበቃዋል። ሲረግፍ ጨርሶ እምቢ ያለ ዘር ለወራት ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ይበቅላል። ለሌላው ደግሞ እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ያስፈልጉታል። ብርድ ባለበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ዘሩ በረገፈበት ሰሞን ቢበቅል ለጋው ቡቃያ በብርዱ ይሞታል። ብርዱ ካለፈ በኋላ ቢበቅል ግን ሙሉ የእድገት ወቅት ይጠብቀዋል። ኢኪኖክሎዋ የሚባለው ሳር፣ በሩዝ ማሳ ውስጥ ከሩዙ ጋር ተመሳስሎ የሚያድገው ክፉ አረም፣ በሁለቱም መንገድ እንቅልፉን ይለቃል። በደረቅ ቦታ መቆየትም ሆነ በእርጥብ አፈር ውስጥ ብርድ ማሳለፍ ይሠራለታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። እንቅልፍ አንዴ ከለቀቀ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እርጥብ ቦታ የሚወደው ፐርሲካሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብርዱ እንቅልፉን ያላቅቀዋል። ሙቀቱ ሲጀምር ለመብቀል ዝግጁ ይሆናል። ግን ተቀብሮ ብርሃን ካጣ፣ የበጋው ሙቀት እየበረታ ሲሄድ እንደገና ይተኛል። በሚቀጥለው ዓመት ብርዱ ሲመለስ እንደገና ይላቀቃል። እንዲህ እያለ አፈር ውስጥ ለዓመታት በዙር ይኖራል። ስለዚህ በአንድ ወር ጭቃ ቆፍረን "ምንም አልበቀለም፣ ዘር የለም" ብንል ልንሳሳት እንችላለን። ያው ጭቃ ከጥቂት ወራት በኋላ በቡቃያ ሊሸፈን ይችላል።

አሁን ወደ ብርሃን እንምጣ። የብዙ ረግረግ አረሞች ዘር ደቃቅ ነው። አንድ የፊላ ራስ ከ100,000 በላይ ዘር ሊይዝ ይችላል። ይህን ያህል ዘር የሚያፈራ ተክል ለእያንዳንዱ ብዙ ስንቅ መስጠት አይችልም። ስንቁ ያነሰ ዘር ደግሞ ጥልቅ ቦታ ላይ ቢበቅል ወደ ላይ ሳይደርስ ያልቅበታል። ስለዚህ ከመብቀሉ በፊት ከላይ ምን ያህል አፈር እንዳለ ማወቅ አለበት። ይህን የሚያውቀው በብርሃን ነው። ብርሃን አፈር ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ብርሃን ካለ ወለሉ ቅርብ ነው ማለት ነው።

ብርሃኑን የሚያነበው ፋይቶክሮም የሚባል በዘሩ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የዚህ ፍንጭ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ቤልትስቪል በሚገኝ የግብርና ምርምር ማዕከል በተሠራ የሰላጣ ዘር ሙከራ ነው። ዘሮቹ 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ቀይ ብርሃን ሲያገኙ በቀሉ። 730 ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ለዓይናችን ብዙም የማይታይ ጥግ ቀይ ብርሃን ሲያገኙ ግን አልበቀሉም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን እያፈራረቁ ደጋግመው አበሩባቸው። የዘሩን ዕጣ የወሰነው የመጨረሻው ብርሃን ነበር። ፋይቶክሮም ልክ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢነካካ መጨረሻ ላይ የተተወበት ቦታ ነው የሚታየው።

ይህ ረግረግ ውስጥ ምን ያደርጋል? አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይወስደዋል። ጥግ ቀዩ ግን በቅጠሉ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ተክል ሥር ያለ ዘር የሚደርሰው ብርሃን "ቦታው ተይዟል" የሚል መልእክት አለው። ዘሩ ይቆያል። እኛ ደግሞ መጥተን ያንን ሽፋን አጭደን እንሄዳለን። በአንድ ቀን ውስጥ ብርሃኑ ይለወጣል። ቦታው ተለቀቀ ማለት ነው። ከላይ ጽዳት ራሱ ምልክት ይሰጣል ያልኩት ስለዚህ ነው። ጭቃውን መርገጥና መቆፈር ደግሞ ከታች የነበረውን ዘር ወደ ላይ ያወጣዋል። ለአንዳንድ ዘር ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ የፀሐይ ብርሃን ይበቃዋል፤ ተገልብጦ መልሶ ቢቀበር እንኳ ምልክቱን አግኝቷል። ተመራማሪዎች በዚህ ተነስተው ማሳን በሌሊት አርሰው ሞክረዋል። በአንዳንድ አረሞች ላይ ቡቃያው ቀንሷል፣ በሌሎች ላይ ግን ብዙ ለውጥ አላመጣም።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የሙቀቱ ነገር ነው። ብዙ የረግረግ ዘሮች አንድ ዓይነት ሙቀት ብቻ ስትሰጧቸው አይበቅሉም። 20 ዲግሪ ላይ ብትተዉአቸው ዝም። 25 ላይም ዝም። ቀን 25፣ ሌሊት 15 ስታደርጉላቸው ግን ይነሳሉ። የፈለጉት መለዋወጡን ነው። ለምን? ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። በጥልቅ ውሃ ስር ያለ ጭቃ ቀንም ሌሊትም ሙቀቱ ተቀራራቢ ነው። ውሃው ሲጎድልና ጭቃው ሲጋለጥ ግን ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዘሩ የቀንና የሌሊት ልዩነትን በመለካት ውሃው መሸሹን ያውቃል። ዓይን የለውም፣ ግን የውሃውን ጥልቀት ይለካል። ከላይ ያለው የተክል ሽፋን ሲነሳም ልዩነቱ ይሰፋል፤ ይህም ባዶ ቦታ መገኘቱን ይነግረዋል። አፈር ውስጥ ጠልቆ የተቀበረ ዘር ጋ ደግሞ ልዩነቱ አይደርስም። አንድ መለኪያ ብቻ ስለ ውሃው፣ ስለ ጥላውና ስለ ጥልቀቱ ይነግረዋል።

የኦክስጅን ጉዳይ ትንሽ ውስብስብ ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። በውሃ የተሞላ ጭቃ ውስጥ ያለችው ጥቂት ኦክስጅን በባክቴሪያ ቶሎ ታልቃለች። የደረቅ መሬት ዘር እዚያ ቢገባ ወይ አይበቅልም ወይ ይበሰብሳል። ማሳን በውሃ ማጥለቅለቅ አረም የሚቀንሰውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ግን የረግረግ አረም ከዚህ ጋር መኖር ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ1926 ሞሪናጋ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ የአንዳንድ ተክሎች ዘር ኦክስጅን ሲቀንስበት ይበልጥ እንደሚበቅል አሳይቷል። ከነዚህ አንዱ ፊላ ነው። ለፊላ የኦክስጅን ማነስ "ትክክለኛው ቦታ ላይ ነህ" የሚል ምልክት ነው።

ኢኪኖክሎዋ ደግሞ ጭራሽ ኦክስጅን በሌለበት መብቀል ይችላል። የመጀመሪያው ሽፋን ቅጠሉ በውሃው ውስጥ ወደ ላይ ይዘረጋል። ሥሩ ግን አየር ካላገኘ በደንብ አያድግም። ስለዚህ ዘሩ ስንቁ ሳያልቅ ወደ አየር መድረስ አለበት። ውሃው ጥልቀት የሌለውና አንዳንዴ የሚደርቅ ከሆነ ይደርሳል። ውሃው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥልቅ ሆኖ ሳይቋረጥ ከቆየ ብዙው ይሸነፋል። ሩዝ አምራቾች ማሳው ለጥቂት ቀን ሲደርቅ አረም "ፈነዳ" የሚሉት ለዚህ ነው። ውሃ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ጥልቀቱና አለመቋረጡ ይወስናል።

እምቦጭን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። መነሻው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ከላይ ተንሳፍፎ በቅርንጫፍ ሲባዛ ነው፤ ስለ ዘሩ ብዙ አይወራም። አበባው ካለፈ በኋላ አገዳው ይታጠፍና ፍሬውን ወደ ውሃው ያስገባዋል። ዘሩ ይወርዳል፣ ደለል ውስጥ ይቀመጣል። ከ15 እስከ 20 ዓመት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ለመብቀል ሙቀትና ብርሃን ይፈልጋል። ይህን የሚያገኘው በተጋለጠ ጭቃ ወይም በጣም ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ ይበቅላል። ውሃው ሲመለስ ቡቃያው ተነስቶ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ላዩ ሙሉ በሙሉ ቢጸዳ እንኳ ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ውሃው በሚሸሽበት ወቅት ዳር ዳሩን ማየት የግድ ነው።

ጨው፣ ናይትሬትና አሲድነትም ሚና አላቸው። ጨው ሲበዛ ዘሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ግን አይሞትም፤ ዝናብ ጨውን ሲያጥበው ይበቅላል። ናይትሬት፣ ማለትም ተክል ከአፈር የሚወስደው የናይትሮጅን ምግብ፣ ብዙ ዘሮችን ይቀሰቅሳል፣ በተለይ ከብርሃን ጋር ሲሆን። ተክል ያልያዘው መሬት ናይትሬት ያጠራቅማል፤ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያም ይጨምርበታል። አሲድነት ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ነገር ትንሽ ነው። ብዙ አረሞች ሰፊ መጠን ይችላሉ።

ሁሉም ዘር አንድ ላይ ቢበቅል ኖሮ ማጥፋቱ ቀላል ነበር። ግን አንድ ላይ አይበቅልም። ወንዝ ዳርና ጎርፍ በሚተኛበት ቦታ የሚወጣው ዛንቲየም፣ ልብስና የከብት ጸጉር ላይ የሚጣበቅ እሾሃም ፍሬ ያለው፣ በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር ይይዛል። የታችኛው ቶሎ ይበቅላል። የላይኛው የበለጠ ይተኛል፣ ብዙ ጊዜ ለሌላ ዓመት ይቆያል። የመጀመሪያው ቡቃያ በድርቅ ቢሞት ወይም ሰው ቢነቅለው ወንድሙ ጭቃ ውስጥ አለ። በሌሎች አረሞችም ከአንድ እናት ተክል የወጡ ዘሮች በእንቅልፍ ይለያያሉ። ዘሩ ሲበስል የነበረው ሙቀትና ድርቀትም ይለውጠዋል። በብዙ ዝርያዎች በሞቃት ጊዜ የበሰለ ዘር እንቅልፉ ቀለል ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት አረም በአንዱ ዓመት ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ቢበቅል አይግረማችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ጭቃ ውስጥ ያለው ዘር ሁሉ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቫን ደር ቫልክና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የረግረግ ጭቃ ውስጥ ያለውን የዘር ክምችት አጥንተው ነበር። ክምችቱ ውስጥ በተጋለጠ ጭቃ ላይ ብቻ የሚበቅሉ አሉ፣ በውሃ ውስጥ የሚበቅሉም አሉ። ውሃ ሲጎድል አንዱ ወገን ይነሳል፣ ሲሞላ ሌላው። ረግረጉ ከድርቅና ከጎርፍ በኋላ የሚያገግመው በዚህ ክምችት ነው። ለወፍና ለዓሣ መጠለያ የሚሆኑት አገር በቀል ተክሎችም እዚያው ከአረሙ ጎን ተኝተዋል፤ ብዙዎቹም የሚነሱት በተመሳሳይ ምልክት ነው። ስለዚህ ጭቃውን በሙሉ ዝቆ መጣል ወይም ዘር በሚገድል ኬሚካል ማጠብ ለእኔ መፍትሔ አይደለም። የሚያዋጣው ምልክቱን ማን ላይ፣ መቼ እንደምንሰጥ መምረጥ ነው።

ይህ በተግባር ሲታይ ነገሩ ብዙ አይከብድም። ከሁሉ በፊት አረሙ ዘር ከመርገፉ በፊት መወገድ አለበት፤ የአንድ ወቅት ዘር የብዙ ዓመት ሥራ ያመጣል። ሩዝ የሚዘሩ ሰዎች ማሳውን አዘጋጅተው፣ አርሰው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ሳይዘሩ ይጠብቃሉ። አረሙ ይበቅላል። ያንን ካጠፉ በኋላ አፈሩን ሳይገለብጡ ይዘራሉ። እዚህ ላይ አለመገልበጡ ወሳኝ ነው፤ ከገለበጡት አዲስ ዘር ወደ ብርሃን ይወጣል። ሐይቅ ወይም ኩሬ ላይ ደግሞ ውሃ ማውረድ ካስፈለገ፣ ከዚያ በኋላ የሚበቅለውን የሚነቅል ሰው አስቀድሞ መመደብ አለበት። ሰው ከሌለ ውሃውን አለማውረድ ይሻላል። ከጸዳ በኋላ ባዶውን ቦታ በፍጥነት በሚፈለግ ተክል መሸፈን ደግሞ ብርሃኑንም የሙቀቱን መለዋወጥም ይቀንሳል። ከአንድ ረግረግ ወደ ሌላ የሚሄድ ጫማ፣ ጀልባና ማሽን ይታጠብ። ዳርዊን በሦስት ማንኪያ ጭቃ ያገኘው የጎማ ጥርስ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

ጭቃችሁ ምን እንደያዘ ማወቅ ከፈለጋችሁ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተለያዩ ቦታዎች የላይኛውን 5 ሴንቲሜትር ጭቃ ውሰዱ። ደባልቁት፣ ሥርና ግንድ ልቀሙለት። በሁለት ሳህን ላይ በስሱ ዘርጉት፣ ከ1 ወይም 2 ሴንቲሜትር አይብለጥ። አንዱን ሁልጊዜ እርጥብ አድርጉት፣ ውሃ ግን አይተኛበት። ሌላውን በ5 ሴንቲሜትር ውሃ ሸፍኑት። ሁለቱንም ፀሐይ በሚያገኝበት፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት በሚለያይበት ቦታ አስቀምጡ። የበቀለውን እየለያችሁ ቁጠሩና ንቀሉ። አረሙ በእርጥቡ ሳህን ላይ ብቻ ከወጣ፣ ውሃውን ባለበት ማቆየት ብዙ ይረዳችኋል። በሁለቱም ከወጣ ውሃ ብቻውን አያቆመውም፤ ቡቃያውን መንቀል ይኖርባችኋል። ምንም ካልወጣ ጭቃውን አትድፉት። ለሁለት ወር ያህል እርጥብ እንደሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ አገላብጣችሁ መልሳችሁ ፀሐይ ላይ አውጡትና እንደገና ቁጠሩ።